የእድር ደንብና የእግዜር እንግዳ

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአንድ ቀብር መልስ የሰማኋት አጭር ምልልስ ናት። ሟቹ በኪራይ ቤት ብቻውን የሚኖር የቀን ሠራተኛ ነበር። የእድር አባል አይደለም፤ ዘመዱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ሃይማኖቱንም የሚናገርለት ጠፋ። አንገቱ ላይ ማተብ የለም፣ ከጓዙም ውስጥ ለፍንጭ የሚሆን ነገር አልተገኘም። የሰፈሩ እድር ሰዎች ደንቡን ለጊዜው ትተው አካፋና ዶማ ይዘው ወጡ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የት ይቆፈር? ቄሱ «የክርስትና ስሙ ማን ነው? የንስሐ አባቱስ?» ብለው ጠየቁ፤ ፍትሐት ያለ ስም አይደርስማ። የመስጊዱ ሰዎችም የእኛ ነው ለማለት የያዙት ነገር አልነበረም። ግማሽ ቀን በዚህ አለፈ። በመጨረሻ ከቀበሌ ደብዳቤ ተጽፎ ማዘጋጃ ቤት ባሳየው ቦታ አረፈ።

ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ «እንዲያው ሃይማኖት ባይኖር ይህን ምስኪን ማን ይቀብረው ነበር?» አሉ። ዶማ ተሸክሞ ከኋላቸው የሚሄድ ወጣት «ጋሼ፣ ያስቸገረን እኮ ሃይማኖቱ ነው። እሱ ባይኖር እስከ አራት ሰዓት ቀብረን ጨርሰን ነበር» አላቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ዞር ብለው አዩትና «እሱስ ልክ ብለሃል። ግን አንተ ራስህ ምን ብለህ መጣህ?» አሉት። ልጁ ዝም አለ፤ የሚመልሰው ጠፍቶት ይሁን ሊመልስ ሳይፈልግ አላውቅም።

ከሁለቱ የአንዱን ወገን ይዤ መጽናት አልቻልኩም። «ሰው ሃይማኖት ያስፈልገዋል ወይስ አእምሮና ሰብአዊነት ይበቃዋል?» የሚለው ጥያቄ በጥቅሉ ሲነሳ ለክርክር ይመቻል፤ ለመልስ ግን አይመችም። ይልቅ ሥራ በሥራ ለይቶ ማየት ይሻላል፤ ሬሳ ማን ያነሣል፣ እንግዳ ማን ያበላል፣ ግጦሽ ማን ይጠብቃል፣ ታማሚ መድኃኒቱን እንዴት ይውጣል። ሰሜን ሸዋ ለዚህ ጥሩ አገር ነው። የአማራ ክልሉ ዞን ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶ 90 በላይ ኦርቶዶክስ ነው፤ ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ፣ በሸዋ ሮቢትና በአልዩ አምባ በኩል፣ የሙስሊሙ ቁጥር ከፍ ይላል። ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው ቢኖርም ክርስትና ተነሥቶ ወይም በእስልምና ስም ወጥቶለት፣ በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር እየበላ የሚኖር ነው። ስለዚህ እዚህ አገር እምነት ያለበትንና የሌለበትን ሥራ ጎን ለጎን አይቶ ማወዳደር ይቻላል።

አካፋውን የሚያስይዘው መዝገብ

ከእድሩ ልጀምር። «አእምሮና ሰብአዊነት ይበቃል» ለሚለው ወገን ከነባር ተቋሞቻችን ሁሉ ትልቁ ምስክር እሱ ነው። የሰፈር እድር ሰውን የሚመዘግበው በነዋሪነቱ ነው። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው እኩል ወርሃዊ መዋጮ ይከፍላል፣ እኩል ቀብር ይወጣል፣ ሲቀርም እኩል ይቀጣል። ስብሰባው በጸሎት ይከፈት ይሆናል፤ መዝገቡ ውስጥ ግን ያለው ስም፣ ወር፣ ብርና ፊርማ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው የሰውን ጠባይ በደንብ በሚያውቁ ሰዎች የተሠራ ነው። ስም የሚጠራው ሁለቴ ነው፤ አንዴ መቃብር ቦታ፣ አንዴ ድንኳን ውስጥ። አንዴ ብቻ ቢጠራ ስሙን አስመዝግቦ ሹልክ የሚል ይበዛል። አዲስ ገቢ መመዝገቢያ ከፍ አድርጎ የሚከፍለው ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ቀደምቶቹ ባዋጡት ስለተገዛ ነው። ገብቶም ወዲያው ጥቅም አያገኝም፤ የመቆያ ጊዜ አለው። ይህ ባይኖር ሰው ሁሉ እናቱ ጣር ላይ ስትሆን ነው ሊመዘገብ የሚመጣው። መዋጮ ለተወሰኑ ወራት ያቋረጠ ይሰረዛል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች የሆኑትም አንዱ ሌላውን እንዲቆጣጠር ነው። እዚህ ሁሉ ውስጥ የገሃነም ፍርሃት አልገባም፤ ቅጣቱ በብር ነው፣ ሽልማቱም የራስ ቀብር ነው።

ታዲያ ይኼ ያማረ ደንብ ያንን የቀን ሠራተኛ አላወቀውም። የደንቡ ሰዎች ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም። ደንቡ የቆመው በመልሶ ማግኘት ላይ ነው፤ ዛሬ የአንተን ሬሳ የማነሣው ነገ የእኔን እንድታነሣ ነው። ይህ ሒሳብ እንዲሠራ አባሉ ቋሚ አድራሻ፣ የማይቋረጥ ገቢና ቀብር ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ሊኖረው ይገባል። ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ልጅ፣ በየሦስት ወሩ ቤት የሚቀይር ተከራይ፣ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ከሦስቱ አንዱ ይጎድለዋል። ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ነው እንግዲህ ውጭ የሚቀረው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ ደንብ አውጪው አባል እስከሆነ ድረስ የአባሉ ድርሻ አይጓደልም፤ አባል ላልሆነው የሚቆርስ ግን በስብሰባው ውስጥ የለም።

አእምሮ ብቻውን እዚህ ድረስ ያደርሳል፤ ቀላል መንገድም አይደለም። ሃይማኖተኛውና ሃይማኖት የለሹ አንድ ድንኳን ሥር እንዲቀመጡ ያደረገ ሌላ ምን አለን?

ቀን የተቆረጠለት ደግነት

የጽዋ ማኅበሩ ደግሞ ሌላ ነው። በወር አንዴ፣ ለሚካኤል ከሆነ በ12፣ ለማርያም ከሆነ በ21፣ ተረኛው ጠላ ጠምቆ ዳቦ ደፍቶ ይጠብቃል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ያስተባብራል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ጸበል ጸዲቁ ይቀመሳል፣ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ከአባላቱ ጋር በሩ ላይ የደረሰ ሁሉ ይበላል። ማን እንደሆነ፣ መዋጮ መክፈል አለመክፈሉ አይጠየቅም። መንዝና መርሐ ቤቴ ውስጥ መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በር ላይ የቆመ መንገደኛ ቆሎና ጠላ ቀርቦለት መደብ ላይ የሚነጠፍለትም በዚሁ ልማድ ነው።

የሒሳቡ ልዩነት ግልጽ ነው። እድር ውስጥ ተቀባዩ ራሱ መልሶ ይከፍላል። እዚህ ግን ሰጪው ብድሩን የሚጠብቀው ከእንግዳው አይደለም፤ ከፋዩ ሌላ ነው። ስለዚህ እንግዳው ድሃ ቢሆን፣ ነገ ተሻግሮ ቢሄድና ዳግም ባይታይ ኪሳራ የለም። ለማያምን ሰው ይህ ከፋይ የሌለበት ደረሰኝ ነው፤ ነገር ግን ደረሰኙ እንግዳውን አብልቶ አሳድሯል።

ወደ ይፋት ስንወርድ ይኸው ሐሳብ ቁጥር ለብሶ እናገኘዋለን። ዘካ በስሜት አይተመንም። ከኒሳብ (ዘካ ግዴታ ከሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን) በላይ የሆነና ዓመት የሞላው ገንዘብ ከመቶ 2.5 ይወጣለታል። የእህል ዘካ ደግሞ በዝናብ ለበቀለው ከመቶ 10፣ በድካምና በወጪ በመስኖ ለጠጣው ከመቶ 5 ነው። ሸዋ ሮቢት አጠገብ በዝናብ ማሽላ የሚዘራና በሞተር ውኃ ስቦ የሚያለማ ሁለት ጎረቤታሞች የሚያወጡት እኩል አይሆንም። ድካሙ ተቆጥሮለታል ማለት ነው። እምነት ጭፍን ነው ለሚል ሰው ይህቺን ስሌት አሳየው ነበር፤ የተቀባዮቹ ዓይነት ሳይቀር ተዘርዝሮ የተቀመጠ ነው።

የእምነት ትልቁ ጥቅም ሰውን ደግ ማድረጉ አይመስለኝም። ደግነት ያለ እምነትም ይገኛል፤ የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ብለን የምንተርተው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቅሙ ደግነቱን ቀን ቆርጦለት፣ መጠን ወስኖለት፣ ሊመልስ ለማይችል ሰው እንዲደርስ ማድረጉ ነው። ርኅራኄ ሲያዩ ይመጣል፣ ዞር ሲሉ ይበርዳል። ወር በገባ በ12 ግን ብትራራም ባትራራም ይመጣል፤ ጠላውም ሳምንት አስቀድሞ ተጠንስሷል።

ይህን ያለ ሃይማኖት መሥራት ይቻላል? ይቻላል፤ ደም ባንክ ምስክር ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ደም መስጠት ይችላል። የሚሰጠው ለማያውቀው ሰው ነው፤ ተቀባዩ ሃይማኖቱን አይጠይቅም፣ ሰጪውም አይጠይቅም፣ ሁለቱም አይተያዩም። ከእንግዳ መቀበል እንኳ ይበልጣል፤ እንግዳው ቢያንስ ይመርቃል። ግን ደም ባንክም ያለ ቀን አይቆምም። ቀይ የደም ሴል በቅዝቃዜ ተይዞ የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ነው፣ ፕሌትሌት ደግሞ 5 ቀን። በአንድ የዘመቻ ሰሞን ሕዝብ ተሰልፎ ቢሰጥ ከሁለት ወር በኋላ የምትወልደዋን እናት አያድንም። የሚያድናት ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀጣይ ቀንና ቀኑን አስታውሶ የሚደውለው ሰው ነው። ሰብአዊነትም እንደ ማኅበሩ ተረኛና ጽዋ ይፈልጋል። ስሙን ሌላ ማለት ይቻላል።

መሐላው ባለበት ዋስም አለ

ከሃይማኖት ወገን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ክርክር «ፈሪሃ እግዚአብሔር ከሌለ ሰውን ምን ያግደዋል?» የሚል ነው። የአባቶቻችን አሠራር ግን ይህን አያግዝም። እነሱ ከእኛ ይበልጥ ያምኑ ነበር፤ ሆኖም በእምነት ብቻ ገንዘብ አላበደሩም። ብድር ሲሰጡ ዋስ ይጠራል፤ መሬት ሲካፈሉ ምስክር ይቆማል፤ ደም ሲያስታርቁ መስቀል ተይዞ ከተማለ በኋላም «ይህን ቢያፈርስ ዋሱ ማነው?» ይባላል። ተበዳሪው ቄስ ቢሆን እንኳ ዋስ ይጠራ ነበር። ሌባ ሲጠፋ ደግሞ በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ ሥራው አይሄድም፣ ካልወጣም ኪሳራውን በጋራ ይከፍላል። መሐላው ሰውየውን ከፈጣሪው ጋር ያገናኘዋል፤ ዋሱና ካሣው ከጎረቤቱ ጋር ያስተሳስሩታል።

አሠራሩ የሚበላሸውም አንዱ ሲጎድል ነው። ዋስ የሌለው መሐላ ሲደጋገም ይረክሳል፤ ሰው በሐሰት ምሎ ምንም ሳይሆን ሲኖር የታየ ዕለት የሚቀጥለው አይፈራም። መሐላ የሌለው ዋስ ደግሞ ማንም በማያይበት ቦታ፣ ሌሊት ድንበር ሲገፋ፣ ዋጋ የለውም። ሃይማኖት ለአእምሮ ቦታ አይሰጥም የሚሉም፣ አእምሮ ሃይማኖትን ያፈርሳል የሚሉም ይህን አሠራር ልብ ብለው ያዩት አይመስለኝም።

የመንዙ ጓሳ ይህን በሣር ያሳያል። ከመሐል ሜዳ በላይ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ደጋ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል (ስሙ ከቅርብ ዓመታት ፖለቲካ ጋር አይገናኝም)። ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለመብቶች አለቃ መርጠው፣ ሣሩ እስኪደርስ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘጉታል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የሥርዓቱ አካል ነበረች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የዘር መብቱ ቀረ፣ ቄሮም ሕጋዊ መሠረቱን አጣ፤ ሣሩም መመናመን ጀመረ።

እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። በ1967 መንዝ ሃይማኖቱን አልለወጠም። ያው ሕዝብ ያው ቤተ ክርስቲያን ይስም ነበር፤ ያው ጾም ይጾም ነበር። እምነቱ እንዳለ ሆኖ ሣሩ ሳሳ። የጎደለው ማን መቼ ያጭዳል የሚለው ደንብና ደንቡን የሚያስከብረው ሰው ነው። ኋላ ጥበቃው ሲያንሰራራ የቆመው በእድር መልክ በተዋቀረ የማኅበረሰብ ደንብ ነው፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ ድረስ እዚያው ናቸው። አሮጌው ሥርዓትም ቢሆን ፍጹም አልነበረም። ከሁለቱ አባቶች የማይወለድ ሰው ሣር አልነበረውም፤ የእድሩ ችግር በሌላ ልብስ ማለት ነው።

ይግባኝ የሌለው ብርሃን

ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩን አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከሰማይ ከታየው ብርሃን ነው። ከብርሃኑ በፊት ያለው ገጽ ብዙ አይነበብም። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም በማለታቸው በንጉሡ ፍርድ የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ ብርሃኑ ታየ። ንጉሡም ፍርዳቸው ልክ ለመሆኑ ከላይ የመጣ ማረጋገጫ አድርገው ወሰዱት፤ እዚያው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።

ይህ የእምነትና የክህደት ጠብ አልነበረም። የተወገሩትም አጥብቀው የሚያምኑ፣ ለሥላሴ ብቻ እንሰግዳለን የሚሉ መነኮሳት ነበሩ። በዚያ ቦታ እምነት ሞልቶ ነበር። ያልነበረው ንጉሡን «ጃንሆይ፣ ምናልባት ተሳስተው ከሆነስ?» ብሎ በሕይወት የሚመለስ ሰው ነው። ከሰማይ ወረደ የተባለ ማረጋገጫ ይግባኝ አይባልበትም።

ግን ሃይማኖት የለሽ ማረጋገጫም ይግባኝ ላይኖረው እንደሚችል እኛ ካየነው ብዙ አልራቀም። ደርግ በሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ስም፣ ታሪክ በሕግ ወደፊት ይሄዳል እያለ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብርን አካሄደ፤ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንም በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ገደለ። ስለዚህ ሰማዩን ወይም ሳይንሱን ከመምረጤ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ውሳኔው ስህተት ቢሆን ለማን አቤት እላለሁ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ሲለያይ፣ አንቀጽ 27 ደግሞ የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነጻነትን ሲደነግግ፣ ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ነው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከንጉሡ ጋር ስሙ አንድ ስለሆነው ስለ ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብም አንድ ነገር ልበል። ሐተታው የ17ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት ጽሑፉን ያስገኘው ጣሊያናዊ መነኩሴ ድርሰት የሚለው ክርክር ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላበቃም። የማንም ይሁን፣ ጾምንና ምንኩስናን በልቡና ብርሃን መርምሮ የሚነቅፈው ሰው ከዋሻው ሆኖ ወደ ፈጣሪው መጸለዩን አልተወም። ምክንያትን ይዞ ሃይማኖትን መመርመር እንጂ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል የሚያስገድድ ነገር አላየበትም።

ጸበሉና ኪኒኑ

ጥያቄው ሕይወት የሚያስከፍልበት ቦታ ደግሞ ጸበል ነው። ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ከየአገሩ ሰው ይመጣል፤ ሱባዔ ይይዛል፣ ይጠመቃል፣ ይጠጣል። አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ዕረፍትና አይዞህ ባይ ነው፤ ይህን የሚንቅ ታሞ የማያውቅ ነው። አደጋው የሚመጣው «ካመንክ ለምን ትውጣለህ?» የሚል አንድ ጎረቤት ሲገኝ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለት ዓይነት። ታማሚው በሁለተኛው ወር ሳሉ ይቆማል፣ ላቡ ይቀራል፣ ይወፍራል። ያን ሰሞን ጸበል ከገባ ድኛለሁ ብሎ ያቆማል። የተረፈው ተሕዋሲ ግን ጠንካራው ነው፤ ሲመለስ መድኃኒቱን ለምዶ ይመጣል፣ ቤተሰቡንም ይዞ። የሚጥል በሽታ ደግሞ ይብሳል። ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ መንፈራገጡ ሳያቋርጥ ተደጋግሞ ሊመጣበትና ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ አጠገቡ ያለው ሰው «ሰይጣኑ እየለቀቀ ነው» ይላል።

እዚህ ላይ እምነትና ሕክምና መጣላት የለባቸውም፤ ቤተ ክርስቲያንም አታጣላቸውም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጸበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው። ጸበል በባዶ ሆድ ነው ከተባለ፣ ኪኒኑ ከጥምቀት በኋላ በተወሰነ ሰዓት ይዋጣል፤ ሰዓቱን መቀየር ይቻል እንደሆን ከመሄድ በፊት መድኃኒቱን የሚሰጠውን ነርስ መጠየቅ ነው። ለሱባዔው ቀናት የሚበቃ መድኃኒት ቆጥሮ ከሁለት ሦስት ቀን መጠባበቂያ ጋር መያዝ፣ ካርዱንም አብሮ መያዝ ይበጃል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ክዶ ሳይሆን አልቆበት ነው። ለአጥማቂውም ለንስሐ አባትም በግልጽ መንገር ጥሩ ነው፤ «ልጄ፣ መድኃኒትህን ውጠሃል?» የሚል ቄስ ያለበት ጸበል ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ያን ቃል ነርስ ቢናገረው ግማሹ አይሰማውም። እዚህ አገር አንዳንድ እውነት የሚገባው በቄስ አፍ ነው፤ ይህን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር የሳይንስ ወዳጅ ካለ ታማሚውን ረስቶታል።

አንዲት አንቀጽ

ወደ መቃብሩ ጉዳይ ስመጣ፣ የእድር ደንብ ላይ አንዲት አንቀጽ ቢጨመር ብዙ ነገር ያቃልላል። ርእሷ «አባል ስላልሆነ ሟች» ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ከአዲስ መዋጮ አይምጣ፤ አዲስ መዋጮ የተባለ ቀን ስብሰባው ይበተናል። ከቀብር በቀሩ ሰዎች ቅጣት ላይ የተወሰነ እጅ ተነሥቶ በመዝገቡ ለብቻው ይያዝ፤ ቅጣቱ ድሮም ያለ ስለሆነ የማንም ኪስ አይነካም። ለብቻው ካልተያዘ ግን ድንኳን ሲቀደድ ይበደሩታል፣ አይመልሱትም። እርዳታው በዓይነት ይሁን፤ ተረኛ ቆፋሪ፣ መገነዣና ማጓጓዣ። በብር ከሆነ የራሱን ዘመድ «አላውቀውም» የሚል አይጠፋም። ውሳኔውን ዳኛውና ጸሐፊው ብቻ ይስጡት፤ ሬሳ ጠቅላላ ጉባኤ አይጠብቅም።

ከሁሉ በላይ ሃይማኖቱ የማይታወቅ ሰው የት እንደሚቀበር ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከአጥቢያውና ከመስጊዱ ጋር ማንም ሳይሞት በፊት በጽሑፍ ይለቅ። ጸሎት ማድረስ የሚፈልግ የራሱን ያድርስ፤ የማይፈልግ አፈሩን ይመልስ።

ይህ የማይፈታው አንድ ጉዳይ አለ፤ መምጣቱም አይቀርም። መዋጮውን ሳያጓድል የሚከፍል፣ ቀብር የማይቀር አንድ አባል «እኔ ስሞት ፍትሐት እንዳይደረግልኝ» ብሎ ለጸሐፊው ጽፎ ይሰጣል። እናቱም የዚያው እድር አባል ናቸው፤ ልጃቸው ያለ ፍትሐት አፈር ከሚገባ እሳቸው ቀድመው ቢገቡ ይመርጣሉ። ወረቀቱ የልጁ ነው፣ ሐዘኑ የእናቱ። ዳኛው በዚህ ላይ ሥልጣን የላቸውም፤ ደንቡም ለሁለቱም አባላት ድንኳን ይተክላል፣ ስም ይጠራል፣ ቀሪውን ለቤተሰቡ ይተዋል።